እቴቴ ያሳረደችው ዓሣ

ባለፈው ቅዳሜ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈራችን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው የዓሣ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። በሩን ስከፍተው የበረዶው፣ የእርጥብ ካርቶኑና የባሕሩ ሽታ ተደባልቆ ተቀበለኝ። ባለሱቋ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ በጅራቱ አንስታ «ላጽዳልሽ?» ስትለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዘወር ብዬ ወንድ ፈለግኩ። ዓሣው ከሞተ እኮ ስንት ጊዜው! ሴትየዋ ባሌን የምጠብቅ መስሏት «ችግር የለም፣ እስኪመጣ እይዝልሻለሁ» አለችኝ። ለብቻዬ እየሳቅኩ ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የእቴቴ ነው።

እቴቴ የእማዬ አክስት ናት። እማዬ እናቷን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደገቻት እቴቴ ናት፤ ስለዚህ እኔም አያቴ እንደሆነች አድርጌ ነው የማስባት። እማዬ በአንቱታ ነበር የምታናግራት። የእኔ ምላስ ግን «እርስዎ» ላይ ሲደርስ ስለሚተሳሰር አንቺ እላት ነበር። እማዬ ስትቆጣኝ እቴቴ «ተያት፣ የፈረንጅ አገር ልጅ ናት» ብላ ራሷ ፈቀደችልኝ።

ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ያኔ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኦቴሎ ያለችው አፓርታማችን ሁለት መኝታ ቤት ስለነበራት ክፍሌን ለእኔና ለእሷ አደረጉልን። በመስኮቱ ላይ በእርጎ ኩባያ ጤና አዳም ተክላለች። ከነጠላዋ በላይ የአባዬን የሥራ ጃኬት ትደርባለች፤ አባዬ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ጃኬቱ ደረት ላይ ስሙ በቢጫ ክር ተጠልፏል። እናም እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ካልሄደች በቀር ሰፈሩን ሁሉ «ሰሎሞን» የሚል ጃኬት ለብሳ ነበር የምትዞረው። የሱፐርማርኬቱ ልጅ አንድ ቀን «ሃይ ሰሎሞን» ሲላት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላው አለፈች።

የዚያን ዓመት ታሪክ ለመረዳት መጀመሪያ የገናዋን ዶሮ ማወቅ ያስፈልጋል። እቴቴ የሱቅ ዶሮ «የሬሳ ሳጥን ውስጥ የተኛ» ስለሚመስላት አልበላም አለች። እማዬ ኬንት ከሚባለው ጎረቤት ከተማ አካባቢ ካለ እርሻ በሕይወት ያለች ዶሮ ገዝታ መጣችና መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠቻት። ችግሩ፣ አባዬ መንገድ ላይ ነው፣ ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሴቶች ነን። እንግዲህ ወንድ እስኪገኝ ዶሮዋ ገንዳ ውስጥ፣ እኔ ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ዋልን።

«ለምን አንቺ አታርጃትም?» አልኳት።

«ሴት አታርድም።»

«ዋይ?»

«ዋይ የለም! አገር ቤትም ቢሆን ወንድ ከጠፋ በር ላይ ቆመን አላፊ አግዳሚውን እንለምናለን። ክርስቲያን ይሁን እንጂ ማንም ይሁን።»

«ሳትታረድ ብትሞትስ?»

«በክት ትሆናላ! በክት ደግሞ አይበላም፣ ይጣላል።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስካሁን አይረሳኝም። ምግብ የሆነ ነገር በሰው እጅ ውስጥ ሆኖ በክት ከመሆኑ የባሰ መቅሰፍት የሌለ ነበር የሚመስለው።

ማታ ላይ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋሽ ሀብቶም ከነአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርማቸው መጡ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሲቀልዱ የማይስቁ ሰው ናቸው። ቢላዋውን ይዘው «ምሥራቅ በየት ነው?» ሲሉ ማናችንም አናውቅም። ስልካቸውን አውጥተው ዞር ዞር አሉና «እቴቴ፣ ከእንግዲህ ስልክ አያስፈልግዎትም፤ በረዶ የለበሰው ተራራ በሚታይበት በኩል ነው፣ ኦኬ?» አሏት። ጋሽ ሀብቶም በስመ አብ ብለው ባርከው አረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ ዳዊቷን የምትደግመው ወደ ተራራው ዞራ ሆነ። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ቦታውን አትስተውም።

ሁዳዴ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሩቅ ካለው ከኮሎምበስ ከተማ ስልክ ተደወለ። የእቴቴ ልጅ ብርሃኑ ነው፤ ሚስቱ ወልዳለች። እቴቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለምታወራ ሁላችንም ሰማን፦ «እማ፣ ጠቅልለሽ ነይ፣ እዚህ ቤቱም ሰፊ ነው» ይላል። እቴቴ ወደ ኩሽናው እያየች «እሺ ልጄ፣ ፋሲካን እዚህ ልዋልና እመጣለሁ» አለች።

እማዬ ዕቃ እያጠበች ነበር። ዞር ሳትል «ደስ ይላል፤ ልጅዎ አይደለ፣ ከልጅ ምን ይበልጣል» አለች። የታጠበ ድስት ደግማ ማጠብ ስትጀምር አየኋት። እኔ ግን ድስቱን አላሰብኩትም፤ ያሰብኩት እማዬ እቴቴ እንድትሄድ መፈለጓን ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። እማዬ «ይቆዩልኝ» ብትል የብርሃኑን እናት የቀማች ይመስላታል፣ እቴቴ «ልቆይ» ብትል ሸክም የሆነች ይመስላታል። ሁለቱም ሌላኛዋ እስክትናገር እየጠበቁ ሁዳዴው ይሄድ ነበር።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በፌሪ መርከብ ተሻግራ ደሴቱ ላይ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የደሴቱን ስም አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው ስለማታውቅ እኛ ቤት «ደሴቱ» ብቻ ነው የሚባለው። ከምትንከባከባቸው አሮጊቶች አንዷ ለእኔ ብላ አንድ ፖስተር ሰጠቻት። በየጸደዩ ከተማው የሚያደርገው በዓል ነው፦ አዋቂዎቹ በጀልባ ወጥተው ሳልመን ያጠምዳሉ፣ ልጆች ደግሞ ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ በተሠራው የእንጨት ድልድይ ላይ ይወዳደራሉ፣ ከዚያ ፓንኬክ ይበላል፣ ሙዚቃ አለ። ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነው ልቤን የሰቀለው። ትልቁን ዓሣ የያዘ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ጡሩምባ በመንፋት ውድድሩን ይከፍታል፣ አብሮት ያጠመደው ትልቅ ሰውም ከጎኑ ይቆማል።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ካሸነፍኩ እቴቴ በሚቀጥለው ዓመት ከጎኔ መቆም ግዴታዋ ነው። ፖስተር ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ሕግ ነው። ኮሎምበስ የሄደ ሰው እንዴት አድርጎ ደሴቱ ላይ ይቆማል? ስለዚህ መሄድ አትችልም። ይህን ስሌት ለማንም አልተናገርኩም። ሕግ ሆኖ ከጸና በኋላ ይሰሙታል ብዬ ነው።

«እቴቴ፣ ዓሣ ልናጠምድ እንሂድ?»

«በሁዳዴ? ዓሣ?»

እማዬ ጣልቃ ገባች። «ዓሣ ምን አለው እቴቴ፣ ሥጋ አይደል። ብዙ ሰው ይበላል እኮ።»

«ብዙ ሰው ሲኦልም ይገባል» አለች እቴቴ። መምጣቱን ግን መጣች።

ጠዋት ፌሪው ላይ ወጣን። እቴቴ ያን ያህል ውሃ አይታ ስለማታውቅ መሐል ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ወንበሩን ይዛ፣ እስክንደርስ ድረስ ስትጸልይ ነበር። እኔ እየሮጥኩ ወጥቼ ተመልሼ «እቴቴ ነይ፣ ተራራሽ ይታያል!» ስላት ዓይኗን ሳትከፍት «ሰላም በይልኝ» አለችኝ። ስንደርስ እማዬ ድልድዩ ጋ አድርሳን «እስከ ምሳ ሰዓት ሺፍት አለኝ፣ ከዚያ እመጣለሁ፣ ኮል አድርጊልኝ ከፈለግሽ» ብላ ሄደች።

ባሕሩ በዚያ ሰዓት ከዳር ሸሽቶ ነበር። ድልድዩ ሥር ያለው ጭቃ፣ አረንጓዴው የባሕር ሣርና ከፓንኬኩ ድንኳን የሚመጣው የቅቤ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ያውዳል። እቴቴ ቅቤው እንዳይገባባት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ጾም መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም እዚህ?» አለች።

ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ዘንግና ባልዲ ሰጠችንና ሕጉን ነገረችን። የተያዘው ዓሣ በባልዲ ውሃ ውስጥ በሕይወት ይቆያል፣ እሷ መጥታ ትለካዋለች፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። የሞተ ዓሣ አይቆጠርም። እቴቴ «ምን አለች?» ስትለኝ፣ በዚያን ጊዜ አማርኛዬ በቻለው መጠን ተረጎምኩላት።

«ትልቁን የያዘ ያሸንፋል አለች።»

ይኸው ነው። ሌላው ዝርዝር ነው ብዬ ተውኩት።

አጠገባችን ያሉት ልጆች ትንንሽ፣ ጭንቅላቱ እሾህ የሆነ ዓሣ በየደቂቃው ያወጣሉ። የእኔ ክር ዝም አለ። መንጠቆው ላይ የምሰካውን የሽሪምፕ ቁራጭ እቴቴ በጣቷ ጫፍ እየያዘች፣ ፊቷን ወዲያ አዙራ ታቀብለኛለች። ብርዱ ጉልበቷን ሲይዛት የባልዲውን ጫፍ ተደግፋ ትቆማለች። «ይሄ ሰው ሁሉ ሥራ የለውም?» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «ክሩን ወደዚያ ጠጋ አድርጊው፣ ውሃው የጠቆረበት ጋ» ማለት ጀመረች።

ጠጋ አደረግኩት። ቆየና ዘንጉ ከእጄ ሊያመልጥ ተጎተተ።

«እቴቴ!»

በጃኬቴ ኮሌታ ያዘችኝ። እኔ ዘንጉን፣ እሷ እኔን፣ ሁለታችንም ወደ ኋላ። «ማርያም ማርያም!» ትላለች፣ ልክ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ እንደቆመች። ዓሣው ከውሃው ሲወጣ ትሪ የሚያክል፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገር ነው። እንጨቱ ላይ ወድቆ ጠፍ ጠፍ ሲል እቴቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ወዲያው አማተበች።

«በስመ አብ! ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ! ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

ባልዲው ስለጠበበው ጥቅልል ብሎ ገባ። ልጆቹ ዘንጋቸውን እየጣሉ ሊያዩት መጡ። አንዱ ጠቃጠቆ ፊት ያለው ልጅ የራሱን ባልዲ አየ፣ የእኔን አየ፣ ፊቱ ጨለመ። ያኔ ማሸነፌን አወቅኩ። ባለፊሽካዋ ከድልድዩ ሌላኛው ጫፍ ስለነበረች «እቴቴ፣ ጠብቂው፣ መጣሁ» ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

እሷ ዘንድ ስደርስ የአንድ ልጅ ዓሣ እየለካች ነበር፣ ጠበቅኳት። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ስመለስ ባልዲው ባዶ ነው። እቴቴም የለችም።

ድምጿን ሰማሁት። ከፓንኬኩ ድንኳን በኩል ነው። ዞር ስል፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ በር የሚያክል ነጭ ሰውዬ፣ አንገቱ ላይ የእንጨት መስቀል አንጠልጥሎ፣ ጠረጴዛው ላይ ዓሣዬን በግራ እጁ ተጭኖ በቀኝ እጁ ቢላዋ ይዟል። እቴቴ ክርኑን ይዛ በረዶ ወደለበሰው ተራራ ታዞረዋለች።

«በስመ አብ» ትለዋለች።

«ቤስሜ አብ» ይላል ሰውዬው፣ በታላቅ አክብሮት።

«ወወልድ።»

«ዎዎልድ።»

«ወመንፈስ ቅዱስ» ላይ ተቸገረ፣ ግን ተወጣው። «ኖ!» ብዬ ስጮህ ቢላዋው ወርዶ ነበር።

ባለፊሽካዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እቴቴ ግን እኔን ስታይ ፊቷ በራ። «ደረስንበት! አንቺ ስትሄጂ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ይከፍታል ይዘጋል፤ ዓይኔ እያየ በክት ሊሆንብን! ወንድ የት ላገኝ ነው ብዬ ስጨነቅ የዚህን ሰው መስቀል አየሁ። አምላክ ነው የላከው» አለችኝ። ሰውዬው ቢላዋውን በሽርጡ እየጠረገ እንደ ተሾመ ሰው ቆሟል።

ባለፊሽካዋ ዓሣውን ለካችው። ከጠቃጠቆው ልጅ ዓሣ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ተንበርክካ፣ ትከሻዬን ይዛ፣ ሕጉ ሕግ መሆኑን በጣም በሚያሳዝን ድምፅ ነገረችኝ። እቴቴ ሴትየዋ ተንበርክካ ስታየኝ፣ ሰዉም ከቦን ሲያይ፣ ያሸነፍን መስሏት እልል አለች። ያ ድልድይ ከተሠራ እልልታ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የደሴቱ ሰውም አጨበጨበ። እኔ በጭብጨባው መሐል ማልቀስ ጀመርኩ።

ማታ ፌሪው ላይም አላቆምኩም። ዓሣው ጸድቶ፣ በፎይል ተጠቅልሎ እቴቴ ጭን ላይ ነው። እማዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ፎይሉን እያየች ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ሺ ሩይንድ ኢት!» አልኩ፣ አበላሸችብኝ ለማለት።

«በአማርኛ! ደግሞ እንዲህ አይባልም። ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታ አይደለም! ባሸንፍ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ጡሩምባ እነፋ ነበር፣ እሷም ከጎኔ መቆም ነበረባት፣ ሶ አትሄድም ነበር!»

«ማን ነው የማይሄደው?» አለች እቴቴ።

«አንቺ! ኮሎምበስ!» ከዚያ ጣቴን ወደ እማዬ ቀሰርኩ። «እሷ እንድትሄጂ ትፈልጋለች። እኔ ግን አልፈልግም።»

የእማዬ ሳቅ ጠፋ። «እኔ?» አለች። «እኔ ነኝ እሳቸው እንዲሄዱ የምፈልገው?»

እቴቴ ዓሣውን አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። «አንድ ቀን ቆዪ ብለሽኛል፣ ትዕግስት?»

«ልጅዎ ጠርቶዎት እኔ ምን ብዬ ልያዝዎት? በምን አፌ?»

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እማዬ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እናም በጣም ፈራሁ። እቴቴ የአባዬን ጃኬት አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። በድምፅ ማጉያው መኪና ያላቸው ወደ መኪናቸው እንዲወርዱ ተነገረ። እኛ መኪና አልነበረንም፣ ስለዚህ ፌሪው እስኪቆም እዚያው ተቀመጥን።

ቤት ስንደርስ እቴቴ ዓሣውን ፍሪዘር ውስጥ ከስፒናቹ ሥር አስገባችው። «ለፋሲካ ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አለች። ስለ መሄድና ስለ መቅረት አንዲት ቃል አልጨመረችም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ ፍሪዘሩን እከፍታለሁ። ያ ቀዝቃዛ፣ የባሕርና የብረት የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ ፎይሉን በጣቴ ነካ አድርጌ እዘጋለሁ። አንድ ቀን እቴቴ ያዘችኝ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሱ ሲበላ ትሄጃለሽ?»

አየችኝና ሳቀች። «ያሳረድኩትን ዓሣ ትቼ የት እሄዳለሁ? ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

ይህን ቃሏን ለእማዬ ነገርኳት።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት አባዬም ነበረ። እቴቴ ዓሣውን ጠብሳ ከዶሮው ወጥ አጠገብ አቀረበችው። እኔ ጥፍሬን የምታክል ቆርሼ «ጠገብኩ» አልኩ። እማዬ፣ ዓሣ ሲባል ነፍሷን የማታውቀው እማዬ፣ ከእኔም ያነሰ ቆርሳ «እኔም ጠገብኩ» አለች። ምንም የማያውቀው አባዬ በደንብ ጎርሶ ሁለተኛ ሊያነሳ ሲል እማዬ እጁን ቸብ አደረገችው።

«ምነው? ይሄ ዓሣ የማን ነው?»

«ዶሮ ብላ!»

እቴቴ አንዳችንን አየች፣ ሌላችንን አየች፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን በሙሉ አነሳችና በየእንጀራችን ላይ አከፋፈለችው። «ብሉ። ለማን ነው ያሳረድኩት?» አለች። እሷ ስለምታየኝ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። ፍሪዘሩን ከፈትኩት፣ ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም።

ከስፒናቹ ሥር፣ በአዲስ ፎይል የተጠቀለለ፣ ጅራቱ ጎልቶ የሚታይ ግማሽ ዓሣ ተቀምጧል።

በዚያው ሳምንት እቴቴ ለብርሃኑ ደወለች። «ልጄ፣ መጥቼ አራሷን እጠይቃለሁ፣ ሕፃኑን እስማለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። እዚህ ያልጨረስኩት ነገር አለ» አለችው። በክረምቱ ሄደች፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ተመለሰች።

በሚቀጥለው ዓመት የሁዳዴ ዋዜማ እማዬ ፍሪዘር ስታጸዳ ያ ፎይል እጇ ገባ። ከፈት አድርጋ አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች። «እቴቴ፣ ይሄ ጉድ እስካሁን አለ እንዴ? እንጣለው እንጂ፣ ከእንግዲህ ማን ይበላዋል?»

እቴቴ ጤና አዳሟን እያጠጣች ነበር፣ ዞር እንኳ አላለችም። «እንዳትነኪው! እሱ ካለቀ መሄዴ ነው ብያለሁ።»

እማዬ ዓሣውን በእጇ ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ከመሳቢያው ሌላ ፎይል አውጥታ ደርባ ጠቀለለችውና ስፒናቹን አንስታ ከሥሩ መለሰችው።